በጨለማ ፊት የማይለይ የጥበቃ ካሜራ፦ ችግሩ ከካሜራው ነው ወይስ ከብርሃኑ?

አባዶ ዳር (ውይይቱን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አለፍ ብሎ፣ ግማሹ ቤት ገና በግንባታ ላይ ባለበትና የመንገድ መብራት ባልደረሰበት ሰፈር ነው። በግቢዬ ውስጥ አራት ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራዎች አሉኝ፤ ሌንሳቸው 2.8 ሚሊሜትር ሲሆን ሁሉም ከመሬት ወደ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ተገጥመዋል። ዋናው ካሜራ ከውጭ በሩ 12 ሜትር ገደማ ይርቃል። ቀን ላይ ምስሉ በጣም የጠራ በመሆኑ በሩ ላይ የቆመውን ጎረቤት በመልኩ አውቀዋለሁ፤ ማታ ግን እንኳን ጎረቤትን፣ የገዛ ልጄንም በአካሄዱ ካልሆነ በፊቱ መለየት አልችልም።

በቅርቡ ለግንባታ ካከማቸሁት ፌሮ የተወሰነው ሌሊት ተሰረቀ። ሁለት ሰዎች ሲገቡ፣ ብረቱን ሲያነሡና ሲወጡ ሁሉም ነገር ተቀርጿል፤ ይሁን እንጂ ፊታቸው ነጭ ሆኖ የተድበሰበሰ ሲሆን ሲራመዱም ከኋላቸው ጥላ የመሰለ ነገር ይጎተታል። ቅጂውን ያየው መርማሪ ሰዎች መግባታቸው እንደሚታይ፣ ማንነታቸውን ግን ከዚህ ምስል ማወቅ እንደማይቻል ነገረኝ። ካሜራዎቹ ሲሸጡልኝ ሌሊት እስከ 30 ሜትር ድረስ እንደሚያዩ ተነግሮኝ ነበር። አሁን ሌላ ወጪ ከማውጣቴ በፊት ከምታውቁ ሰዎች መረዳት የምፈልገው፣ ካሜራዎቹን መለወጥ ይኖርብኛል ወይስ ባሉበት ሊሻሻሉ ይችላሉ? ሰዎች የሚያወሩላቸው ሌሊትም በቀለም የሚቀርጹት ካሜራዎችስ ለእንደኛ ዓይነቱ ጨለማ ሰፈር ይሆናሉ?

ገጣሚው ከጎሮ

ወንድሜ፣ የጠፋብዎትን እግዚአብሔር ይተካልዎ። በጎሮ፣ በአያትና በለገጣፎ አካባቢ ካሜራ በመግጠም ሥራ ላይ የቆየሁ ነኝ፤ የእርስዎ ዓይነት ቅጂ በተደጋጋሚ ስለሚያጋጥመኝ ምክንያቱን ከሥሩ ላስረዳ።

በመጀመሪያ «እስከ 30 ሜትር ያያል» የሚለው አነጋገር የሚናገረው ካሜራው ሌሊት የሚያበራው፣ ለዓይን እምብዛም የማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚደርስበትን ርቀት ነው። በዚያ ርቀት ላይ አንድ ነገር መንቀሳቀሱ ይታይ ይሆናል እንጂ ፊት ይለያል ማለት አይደለም። ለጥበቃ ካሜራ በወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 25 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ይበቃል፤ አስቀድሞ የሚታወቅን ሰው ለመለየት 125፣ የማይታወቅን ሰው ማንነት በእርግጠኝነት ለማረጋገጥ ደግሞ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። የእርስዎ 2.8 ሌንስ በጣም ሰፊ እይታ ስላለው 12 ሜትር ላይ ወደ 31 ሜትር የሚደርስ ስፋት ይይዛል። የባለ 8 ሜጋፒክስል ምስል ወርድ 3840 ፒክስል ስለሆነ ለ31 ሲካፈል በሜትር 124 ገደማ ይደርሳል። ቀን ጎረቤትዎን የሚያውቁት በዚህ ምክንያት ነው። የማያውቁትን ሌባ ለመለየት ግን ይህ ልክ ቀንም ቢሆን በግማሽ ያህል ይጎድላል፤ ሌሊት ደግሞ ከዚያ ላይ ብዙው ይባክናል።

የሚባክንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ሻተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ብርሃን ተቀባዩን ሴንሰር ለረጅም ጊዜ ክፍት በማድረግ ብርሃን ለመሰብሰብ ይሞክራል። ሰው በተለመደ እርምጃ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሻተሩ 1/6 ሰከንድ ላይ ከሆነ አንዱ ምስል ተቀርጾ እስኪያልቅ ሰውዬው 23 ሳንቲሜትር ይንቀሳቀሳል፣ ይህም ከፊት ወርድ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ፊት ሜጋፒክስል ሊመልሰው አይችልም። ሻተሩ 1/25 ላይ ቢሆን ግን እንቅስቃሴው ከ6 ሳንቲሜትር በታች ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ነጠብጣቡን የሚያጠፋው የካሜራው ፕሮግራም ነው። ካሜራው ደካማውን ምልክት ሲያጎላ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፤ ፕሮግራሙም ነጠብጣቡን ለማጥፋት ተከታታይ ምስሎችን እያመዛዘነ ይቀላቅላል። ቆሞ የሚቀር ግድግዳ በዚህ መንገድ ይጠራል፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን ያለፈው ምስሉ ከአሁኑ ጋር ስለሚደባለቅ ከኋላው ያዩትን ጥላ ይጎትታል።

በሜጋፒክስል ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ሴንሰሩ ያው 1/2.8 ኢንች ሆኖ 2 ሜጋፒክስል ከሆነ የአንዱ ፒክስል ጎን 2.9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ በዚያው ሴንሰር ላይ 8 ሜጋፒክስል ሲደረደር 1.45 ማይክሮሜትር ይሆናል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ፒክስል ብርሃን የሚቀበልበት ስፋት ወደ ሩብ ይወርዳል። በጨለማ ሰፈር ትልቅ ሴንሰርና ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ያለው ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ በትንሽ ሴንሰር ላይ ከተሠራ ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ የተሻለ ፊት ሲያወጣ አይቻለሁ። ስለዚህ ሲገዙ ከሜጋፒክስሉ በፊት የሴንሰሩን መጠንና የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ስፋት የሚያሳየውን የኤፍ ቁጥር ይጠይቁ፤ ኤፍ 1.0 ሌንስ ከኤፍ 2.0 ሌንስ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል።

በሳጥኑ ላይ «0.005 ሉክስ» ተብሎ የሚጻፈውንም (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብቻውን አይመኑ። ቁጥሩ በምን ዓይነት ሻተርና በምን ያህል ማጉያ እንደተለካ ካልተገለጸ፣ ሁለት ካሜራዎችን በእሱ ማወዳደር አይቻልም።

መምህር በላይ ሜዳ

ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ቡራዩ ነው። ወንድማችን የገለጹት ትክክል ነው፤ እኔ በብርሃኑ በኩል ያለውን ልጨምር።

የጨለማው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ብዙዎቻችን አንገምትም። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ታበራለች፤ ጥሩ የመንገድ መብራት ያለበት የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ከ5 እስከ 10 ሉክስ ይኖረዋል፤ ሙሉ ጨረቃ 0.25 ሉክስ አካባቢ ትሰጣለች፤ ጨረቃ የሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ደግሞ ወደ 0.001 ሉክስ ይወርዳል። ዓይናችን ከጨለማው ጋር ቀስ በቀስ ስለሚላመድ ልዩነቱን አሳንሶ ያሳየናል፤ ሴንሰር ግን እውነተኛውን መጠን ይቀበላል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ደንገዝገዙ ብዙ ሳይቆይ በ20 እና በ25 ደቂቃ ውስጥ ይጨልማል። ካሜራችን ከዕድሜው ግማሹን የሚሠራው በጨለማ ስለሆነ በቀን ምስሉ ልንመርጠው አይገባም።

ከካሜራው ላይ የሚወጣው የኢንፍራሬድ ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ከካሜራው 3 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር፣ 12 ሜትር ላይ ካለው ይልቅ 16 እጥፍ ይበራል። እንግዲህ ካሜራው አጠገብ የተሰጣ ልብስ፣ የውኃ ጋን ወይም ነጭ የተቀባ ምሰሶ ካለ፣ ካሜራው በእሱ ድምቀት ልክ ራሱን ስለሚያስተካክል በሩ አካባቢ ጨለማ ይሆናል። በዳር ሰፈር ያለው የቆርቆሮ አጥርም ለዚህ ትልቅ ምክንያት ነው፤ አዲስ ቆርቆሮ የኢንፍራሬዱን ብርሃን መልሶ ስለሚወረውር አጥሩ ብቻውን ቦግ ብሎ ከፊቱ የቆመው ሰው ይጨልማል። ፊቱ ነጭ ሆኖ መድበስበሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ጨለማ በሞላው እይታ ውስጥ አንድ ሰው ወደ ብርሃኑ ሲገባ፣ ካሜራው ለጨለማው የተስተካከለ ስለሆነ ቆዳው ከልክ በላይ ይበራል።

ከሁሉም በላይ ምስክርነትን የሚነካ አንድ ነገር አለ። ቀን ላይ ከሴንሰሩ ፊት ኢንፍራሬድን የሚከለክል ማጣሪያ ይቀመጣል፤ ሲጨልም ማጣሪያው በትንሽ ሞተር ወደ ጎን ይሸሻል፤ አንዳንድ ጊዜ «ጠቅ» የሚል ድምፅ የምንሰማው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ምስል ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ በዓይናችን የምናየው ጥቁርና ነጭ አይደለም። ብዙ ሰው ሠራሽ ጨርቆች በዓይን ጥቁር ሆነው ሳለ ኢንፍራሬድን ስለሚያንጸባርቁ ነጣ ብለው ይታያሉ። ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ የባሕር ዛፍና የኮባ ቅጠል በሌሊት ምስል ላይ እንደ ኖራ ይነጣል። ስለዚህ «ነጭ ጃኬት የለበሰ ሰው ነበር» ብላችሁ ከኢንፍራሬድ ቅጂ ተነሥታችሁ በሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት እባካችሁ በደንብ አስቡበት። ንጹሕ ሰው በዚህ ምክንያት ሊጠረጠር ይችላል፤ እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር አልመለከተውም።

የለገጣፎ እናት

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሌሊት በቀለም የሚቀርጸውን ካሜራ ስለተጠቀምኩበት ተሞክሮዬን ላካፍል። የእኔ ካሜራ የሌንሱ ኤፍ ቁጥር 1.0 ሲሆን ራሱ ላይ ነጭ መብራት አለው። በሩ ላይ አንድ አነስተኛ የኤልኢዲ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራ ካሜራው ከነጭራሹ ወደ ጥቁርና ነጭ አይቀየርም። የሰው ልብስ ቀለም፣ የመኪና ቀለም፣ የያዘው ዕቃ ሁሉ ይታያል። ጎረቤቴ የጠፋባትን ሰማያዊ ብስክሌት ይዞ ያለፈውን ልጅ ያወቅነው በቀለሙ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ቢሆን ኖሮ ከሌላው ብስክሌት አንለየውም ነበር።

መብራት ራሱ ሌባን እንደሚያርቅም አምናለሁ። ብርሃን ባለበት በር የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለወንድማችን የምመክረው ኢንፍራሬዱን ትተው ወደ ቀለም ካሜራና ወደ መብራት እንዲሄዱ ነው።

ገጣሚው ከጎሮ

እህቴ፣ የተናገሩት ለእርስዎ ሰፈር ትክክል ነው፤ በአንድ ሁኔታ ግን ልለይ። የቀለም ካሜራ በጎ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከሚታይ ብርሃን ነው። መብራት የሌለበት ሜዳ ላይ ከተገጠመ የራሱ ነጭ መብራት በቂ የሚሆነው ለጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሻተሩን በማርዘም ብሩህ የሚመስል ምስል ያሳያል። ቆሞ ያለው ሁሉ ቀን ይመስላል፤ የሚራመደው ሰው ግን ተጎትቶ ይታያል። ሱቅ ውስጥ ገዢዎችን የሚያሳምነው የቆመ ምስል ስለሆነ ይህን ብዙ ሰው ሳያውቅ ይገዛል።

ሁለተኛው የመብራት መቆራረጥ ነው። ካሜራውና ቅጂውን የሚያስቀምጠው ዲቪአር በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ላይ ሆነው የበሩ መብራት ከዩፒኤሱ ውጭ ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት የቀለም ካሜራው በጣም ይዳከማል፤ ሰፈሩ ሙሉ የሚጨልመው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ኢንፍራሬድ ያለው ካሜራ ግን መብራቱን ከራሱ ጋር ይዞ ይቆያል። አሁን ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዙ፣ በመደበኛው በኢንፍራሬድ የሚሠሩና ሰው ሲያዩ ብቻ ነጭ መብራታቸውን የሚያበሩ ካሜራዎች በገበያ ላይ አሉ። ለዳር ሰፈር ከሁሉ የሚስማሙኝ እነሱ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከኢንፍራሬድ ወደ ቀለም በሚቀየሩበት ቅጽበት ምስሉ ለአፍታ ስለሚዛባ፣ ሰውዬው ወደ ካሜራው ሲመለከት የሚገኘው ያ የመጀመሪያ ቅጽበት እንዳያመልጥ መብራቱ ቀደም ብሎ እንዲነሣ ካሜራው ሰውን የሚለይበትን ክልል ከበሩ ውጭ ማስጀመር ይገባል።

የለገጣፎ እናት

ስለ ዩፒኤሱ ያነሡት ነጥብ እውነት ነው፤ የእኔ የበር መብራት ከቤቱ መስመር ነው የሚያገኘው። አነስተኛ ዋት ያለው ስለሆነ ወደ ዩፒኤሱ እንዲዞር አደርጋለሁ። ቢሆንም ቀለም ለማስረጃ ያለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው የሚለውን አቋሜን አልቀይርም፤ መምህሩ ስለ ጃኬቱ የነገሩን ራሱ ይህን ያጠናክርልኛል።

ሱሉልታ ከተራራው ሥር

ስለ አየሩ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። እኛ ጋ በክረምት ጉም ሌሊት ወርዶ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ከካሜራው ጋር የተገጠመው ኢንፍራሬድ የሚያበራው ጉሙን ራሱን ስለሆነ ምስሉ እንደ ወተት ይነጣል። ዝናብ ሲጥልም ጠብታዎቹ ሌንሱ አጠገብ ያንጸባርቃሉ፤ እንቅስቃሴ ለይቶ የሚያሳውቀው ሥርዓትም ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጠነቅቅ ያድራል። የረዳኝ ብርሃኑን ከካሜራው መለየት ነው። የካሜራውን ኢንፍራሬድ አጥፍቼ፣ ራሱን የቻለ የኢንፍራሬድ መብራት ከካሜራው ጥቂት ሜትሮች ወደ ጎን አስገጠምኩ፤ ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ ስለማይነሣ ወደ ሌንሱ የሚመለሰው ነጸብራቅ በጣም ቀነሰ።

ከዚህ ሌላ ነፍሳት ወደ መብራቱ ይሰበሰባሉ፤ ሸረሪትም እነሱን ተከትላ በሌንሱ ፊት ድር ትሠራለች። አንድ ክር ድር በኢንፍራሬድ ብርሃን ውስጥ እንደ ገመድ ደምቆ ይታያል። በበጋ ደግሞ ከጥርጊያ መንገዱ የሚነሣው አቧራ የካሜራውን መስታወት ይሸፍናል፤ በተለይ ዶም የሚባለው ክብ ሽፋን ያለው ካሜራ ላይ አቧራው ኢንፍራሬዱን ወደ ውስጥ ስለሚመልሰው ምስሉ ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ለዳር ሰፈር ከዶም ይልቅ ቡሌት የሚባለውን ቱቦ መሰል ካሜራ የምመርጠው። በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ በየጊዜው መጥረግ ብቻ የሚያመጣውን ለውጥ ያላየ ሰው አያምንም።

ጅብም በየሌሊቱ ስለሚያልፍ፣ በእንቅስቃሴ ብቻ የሚያስጠነቅቅ ካሜራ እኛ ጋ አይሠራም። ሰውን ከእንስሳ የሚለይ ፕሮግራም ያለው ካሜራ ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን የሚለየው ምስሉ በቂ ብርሃን ሲኖረው ነው።

አባዶ ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተጻፈው መሠረት ዛሬ ማታ ምስሉን እንደገና ተመለከትኩት፤ በእርግጥም ከዋናው ካሜራ ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ያለው ነጭ ምሰሶ ቦግ ብሎ ነው የሚታየው፤ የበሩ ቆርቆሮም እንዲሁ። አንድ ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ከኋላ አጥሩ በኩል ያለው ካሜራ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ ይውልና ከጨለመ በኋላ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ገመዱ ወደ 40 ሜትር ይሆናል። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

ገጣሚው ከጎሮ

አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ምልክት የሚያሳየው ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነው። ሲጨልም የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ስለሚበሩ ካሜራው የሚወስደው ኃይል ይጨምራል። ገመዱ እንደ ኔትወርክ ኬብል ቀጭን፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከሆነ የመዳቡ ተቃውሞ በሜትር 0.084 ኦም ገደማ ነው፤ 40 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 80 ሜትር ስለሚሆን ወደ 6.7 ኦም ይደርሳል። ቀን 0.3 አምፒር ሲወስድ የሚጠፋው 2 ቮልት ብቻ ስለሆነ ካሜራው በ10 ቮልት መሥራት ይችላል። ማታ 0.8 አምፒር ሲደርስ ግን ከ5 ቮልት በላይ ይጠፋና ከ12 ቮልቱ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ከ7 በታች ይሆናል። ካሜራው ይጠፋል፤ ሲጠፋ ጭነቱ ስለሚቀንስ ቮልቱ ይመለሳል፣ ካሜራውም እንደገና ይነሣል፤ ኢንፍራሬዱ ሲበራ መልሶ ይወድቃል። ገመዱ ከመዳብ ሳይሆን መዳብ ከተለበጠ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ በግማሽ ያህል ይብሳል።

መፍትሔው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ መዘርጋት ወይም አዳፕተሩን ካሜራው አጠገብ፣ ውኃ በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ማድረግ ነው። በ1.5 ሽቦ ያው ጭነት ከ1 ቮልት በታች ነው የሚያጠፋው። አንዳንዶች አዳፕተሩን በከፍተኛ ቮልት በመተካት ሊያስተካክሉ ይሞክራሉ፤ ይህን አልመክርም፤ ቀን ላይ ጭነቱ ሲቀንስ ከልክ ያለፈው ቮልት በቀጥታ ካሜራው ላይ ያርፋል።

ለዋናው ካሜራ ደግሞ ምንም ሳይገዙ የሚጀምሩትን ልንገርዎት። በሴቲንጉ ውስጥ ድግግሞሹን 50 ኸርዝ ያድርጉት፤ የአገራችን መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ይህ ካልተስተካከለ መብራት ባለበት ቦታ ምስሉ ይርገበገባል። ሻተሩ ከ1/25 በላይ እንዳይረዝም ይገድቡት፤ ምስሉ ይጨልማል፣ ነጠብጣቡም ይበዛል፣ ነገር ግን ከሚያምር ጥላ ይልቅ ነጠብጣብ ያለበት ፊት ይሻላል። ነጠብጣብ ማጥፊያውን ከከፍተኛው ወደ መካከለኛ ዝቅ ያድርጉት። ደማቁንና ጨለማውን ቦታ የሚያመጣጥነው ደብሊውዲአር የሚባለው ምርጫ የቀን ጠቀሜታው ትልቅ ቢሆንም በጨለማ ምስሉን የበለጠ ስለሚያበላሽ ለሌሊት ያጥፉት፤ ካሜራው የቀንና የሌሊት ሴቲንግ ለየብቻ የሚያስቀምጥ ከሆነ በጣም ይጠቅማል። የኢንፍራሬዱን ኃይል በራሱ የሚያስተካክለው ምርጫ ካለም ያብሩት፤ ሰው ሲቀርብ ፊቱ ከመንጣት ይድናል። ነጭ ምሰሶውን ደግሞ ብርሃን በማይመልስ ጥቁር ቀለም ያስቀቡት ወይም ካሜራውን ምሰሶው ከእይታው እንዲወጣ ያዙሩት።

ስለ ማከማቻው አንድ ጥንቃቄ አለ። ነጠብጣብ በየምስሉ ስለሚለዋወጥ ለማመቅ አስቸጋሪ ነው፤ የሌሊት ቅጂ ከቀኑ የበለጠ ቦታ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢቀርጽ በቀን 43 ጊጋባይት ይሆናል፤ አራቱ ካሜራዎችዎ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክን ስድስት ቀን ሳይሞላ ይጨርሱታል። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚቀረጸውን የቢት መጠን) በጣም ዝቅ ካደረጉት ግን ያለው ቢት ሁሉ ለነጠብጣቡ ይውልና ፊቱ ወደ ካሬ ካሬ ይለወጣል።

መምህር በላይ ሜዳ

በዚህ ላይ የምጨምረው ካሜራው ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ አስቀድሞ መወሰንን ነው። አንድ ሰፊ ካሜራ ግቢውን በሙሉ አሳይቶ በሩ ላይም ፊት እንዲለይ መጠበቅ አይቻልም። ሰፊው ካሜራ ባለበት ይቆይ፤ ለበሩ ብቻ የሚሆን አንድ ጠባብ እይታ ያለው ካሜራ፣ ለምሳሌ 6 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው፣ ይጨመር። ባለ 2 ሜጋፒክስል እንኳ ቢሆን 10 ሜትር ላይ በሜትር 200 ፒክስል አካባቢ ይሰጣል፤ 4 ሜጋፒክስል ከሆነ 250ውን ያልፋል። ለካሜራ የሚወጣውን ገንዘብ በሙሉ በየማዕዘኑ ከመበተን ሁሉም ሰው ሊያልፍበት ግድ በሆነው በአንዱ በር ላይ ማዋል ይሻላል።

ከፍታውም ይታሰብበት። 5 ሜትር ላይ ያለ ካሜራ ሰው ሲቀርበው የሚያየው አናቱን ነው። በዚህ ብርድ ሌሊት የሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ጋቢ ተከናንቦ ወይም ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሄደው። የበሩ ካሜራ ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ከኮፍያው ሥር ያለውን ፊት ያገኛል። በእጅ እንዳይነካ በብረት ሳጥን ሊጠበቅ ይችላል፤ ላዩን ያለው ሰፊ ካሜራም ይጠብቀዋል። መብራት ከተጨመረ ከሚገባው ሰው ፊት ለፊት ይሁን፤ ከኋላው ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የምታገኙት፤ ልክ ከራሱ በላይ ከሆነ ደግሞ ዓይኖቹ በግንባሩ ጥላ ውስጥ ይገባሉ።

ቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ኃይለኛ ፓውዛ በበሩ ላይ ብንሰቅል አይበቃም? እኛ ሰፈር ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

ገጣሚው ከጎሮ

ፓውዛው ወደ ካሜራው ዞሮ ከበራ ከመጥቀሙ ይልቅ ይጎዳል፤ ካሜራው ለፓውዛው ብሎ ቀሪውን ያጨልማል። የመኪና የፊት መብራት ወደ በሩ ሲመጣ የሚሆነውም ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ ኃይለኛ ብርሃን ጥርት ያለ ጥላ ስለሚፈጥር በአጥሩ ጥግ ያለው ጨለማ ይብሳል። ሁለት ደካማ መብራቶች በሁለት ጎን ቢደረጉ አንድ ኃይለኛ ፓውዛ ከሚሰጠው የተሻለ ምስል ይገኛል፤ የጎረቤትም መስኮት አይታወክም። ጎረቤት በመብራቱ ተማርሮ እንዲጠፋ ከጠየቀ ካሜራውም ያኔ ዋጋ ያጣልና ይህን ቀላል አድርገው አይመልከቱት።

አባዶ ዳር

ሻተሩን 1/25 ላይ ገደብኩት፣ ነጠብጣብ ማጥፊያውን ዝቅ አደረግሁ፣ ምሰሶውንም በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩት። ከዚያ ልጄ ከጨለመ በኋላ ከበሩ እስከ ደረጃው በተለመደ እርምጃ፣ ቀጥሎም እየሮጠ እንዲያልፍ አደረግሁ። ከኋላው ይጎተት የነበረው ጥላ የለም። በሩ ላይ ሲቆም መልኩ ይለያል፤ ሲሮጥ ግን አሁንም ፊቱ ይደበዝዛል። ለበሩ የሚሆን ባለ 6 ሚሊሜትር ካሜራ በደመወዜ ሰሞን እገዛለሁ፤ የኋላውን ሽቦም በ1.5 እቀይራለሁ። ሽቦውን የሚዘረጋልኝ ሰው ሲመጣ ቮልቱን ካሜራው ጋ፣ ኢንፍራሬዱ በርቶ ሳለ እንዲለካልኝ እጠይቀዋለሁ።

ሱሉልታ ከተራራው ሥር

ልክ ነው፤ ሌሊት ያልተለካ ቮልት አያስተማምንም። ፈተናውንም ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ይድገሙት፤ ሰሞኑን ጨረቃዋ ሙሉ ስለሆነች ምስሉ ከእውነተኛው ችሎታው ተሽሎ ሊታይዎ ይችላል።

የፉሪ ተማሪ

ዘግይቼ ስለገባሁ ይቅርታ። ካሜራው ሌሊት በቀይ ነጥብ ስለሚበራ ሌባ ከሩቅ ያየዋል የሚል ስጋት አለን። ቀዩ የማይታይ ኢንፍራሬድ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሱን ብንገዛ ጉዳት አለው?

መምህር በላይ ሜዳ

አለ። የተለመደው ኢንፍራሬድ 850 ናኖሜትር ሲሆን ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ለዓይን ይታያል፤ የማይታየው 940 ናኖሜትር ነው። ነገር ግን ሴንሰሮቹ የሚሠሩበት ሲሊኮን ወደ 940 ሲቃረብ ብርሃንን የመቀበል አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በእኩል ኃይል የሚደርስበት ርቀት በእጅጉ ያጥራል። ለደጃፍና ለመተላለፊያ 940 ይበቃል፤ ለሰፊ ግቢ ግን 850ውን ብትይዙ ይሻላል። ካሜራው መኖሩ ከሩቅ ቢታይ ለግቢ ጥበቃ ጉዳት አለው ብዬ አላምንም።